የእመይቴ ተራ

ይህ ጽሑፍ ሳይጻፍ ሊቀር ጥቂት ነበር የቀረው። ጸሐፊው ስለ ላም የሚያውቀው ከመጻሕፍት የቃረመውን ብቻ በመሆኑ፣ ዕድሜዋን በላም ግት ሥር ቁጢጥ ብላ ስላሳለፈች ሴት ለመናገር ድፍረት አጥቶ፣ ጀምሮ ቀዶታል፤ ቀዶም ጀምሮታል። እሷም ሐሳቡን ስትሰማ፣ «እኔን ምን ብለህ ትጽፋለህ? ይልቅ ስለ እመይቴ ጻፍ፤ እሷ ታሪክ አላት» ብላ ወደ ባልዲዋ ዞራለች። እንደ ቃሏ ስለ እመይቴ ይጻፋል። ነገር ግን የአንዷን ታሪክ ያለ ሌላዋ መተረክ የሚቻልበት መንገድ ስላልተገኘ፣ አላቢዋን ይቅርታ እየጠየቁ መጀመር ግድ ሆኗል።

እመይቴ ላም ናት። የምትኖረው በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጓሮ ነው። የቤቱ ፊት ሱቅ፣ ጀርባው በረት ነው፤ ከመንገድ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ያላለቁ ኮቶች ተንጠልጥለው ያያል፣ ቀጥሎ በእግር የምትዘወረውን አሮጌ የስፌት መኪና ያገኛል፣ ጠባቡን መተላለፊያ ካለፈ በኋላ ደግሞ የላሞቹ ሞቃት ትንፋሽ ይቀበለዋል። አንዳንዱ ደንበኛ ቁመናውን እያስለካ ሳለ ከመጋረጃው ጀርባ «እምቧ» ሲባል ይደነግጣል። ልብስ ሰፊው ግን ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ «አይዞዎት፣ እጅጌው ረዘመ ማለቷ ነው» ይላል።

አላቢዋ ለዚህ ቤት እንግዳም ቤተኛም ሆና የኖረች ሴት ናት። የምታድረው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ግን የምትገኘው በረቱ ውስጥ ነው። ልጅ አልወለደችም። ለምን እንደሆነ ለጠየቃት ሁሉ፣ «ጊዜ ማን ሰጠኝ፤ አምስቱን እያለብኩ» ብላ ትስቃለች፤ ሳቋ ከልብ ይሁን ከአንገት በላይ ለይቶ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። የሙያዋን ሀሁ ያስቆጠረቻት አክስቷ ናት። አክስቷ፣ ላም በእጅ ብቻ ሳይሆን በጆሮዋም ጭምር እንደምትታለብ ታምን ነበርና፣ ከእጅ አያያዙ ጋር አንዲት ዜማ አውርሳታለች። ዜማዋ ይህ ነው የሚባል ግጥም የላትም፤ «ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ» የሚለው ቃል እየተመላለሰባት ከፍ ዝቅ የምትል እንጉርጉሮ ናት። አላቢዋ ስትጀምራት ላሞቹ ማመንዠካቸውን ያቀዘቅዛሉ፤ ጆሯቸው ወደ ኋላ ይዞራል፤ ወተቱም ሳይታገል ይወርዳል።

ከአምስቱ ላሞች ታላቋ እመይቴ ናት። እናቷ እሷን በወለደች ማግስት ስለሞተች፣ ጣቷን ወተት ውስጥ እየነከረች አጥብታ ያሳደገቻት አላቢዋ ናት። ለዚህ ነው መሰል፣ እመይቴ ዛሬም አላቢዋ አጠገቧ ስትቆም ጣቷን ትፈልጋለች፤ ካገኘችውም እንደ ሞረድ በሻከረ ምላሷ ትልሰዋለች። ጠዋት የበረቱና የማለቢያው መለያያ በር ሲከፈት ሌሎቹን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ቀድማ ወደ ማለቢያው የምትገባው እሷ ናት። በነገር ሁሉ የምታኮርፈዋ ኩርፌ እንኳ ለእመይቴ መንገድ ትለቃለች።

አላቢዋም ዘወትር የምትጀምረው ከእመይቴ ነበር። እሷን አልባ ስትጨርስም አንድ ነገር ታደርጋለች። በባልዲው አፍ ላይ የተኮፈሰውን አረፋ በጣቶቿ ጠለፍ አድርጋ የቀጣይዋን ላም ጡቶች አንድ በአንድ ታሻለች። ከዚያ ወደ ሦስተኛዋ፣ ከዚያም ወደ አራተኛዋና ወደ አምስተኛዋ። «የታላቃችሁ ገርነት ይድረሳችሁ» ትላለች ለራሷ በሚሰማ ድምፅ። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ አክስቷም አታውቀውም ነበር። ከፍቅር የመነጨ የራሷ ልማድ ነው። አረፋው ጡቱን ያለሰልሳል፣ እጅ ሳይቆነጥጥ ይንሸራተታል፣ ላሞቹም ደስ የሚላቸው ይመስላል።

ከላሞቹ መጀመሪያ የታመመችው ቀበጢት ናት። አንድ ማለዳ አላቢዋ ጡቷን ገና ከመንካቷ ላሟ እግሯን አነሳች። ቀበጢት ቀበጥ እንጂ ተራጋጭ አልነበረችም። ግቷ በአንድ ወገን ቀልቶና አብጦ እንደ ካውያ ይፋጃል። ወተቱ ባልዲው ግርጌ ሲያርፍም ድምፁ የተለየ ሆነባት፤ ጎንበስ ብላ ስታየው የተቆራረሰ እርጎ የመሰለ ጓል ይንሳፈፍበታል። ብዙም ሳይቆይ ሙሽራ የምትባለዋ ላም ተከተለች። ወተታቸውን የሚገዛው፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው ሻይ ቤትም ሲፈላ ተበጣጠሰብኝ ብሎ መለሰው።

ሙሽራ በቅርቡ ከሌላ ቤት የተገዛች ላም ስለሆነች፣ የአላቢዋ ጥርጣሬ ሁሉ በእሷ ላይ አረፈ።

«ይዛው መጥታ ነው» አለችው ለልብስ ሰፊው።

«ቀድማ የታመመችው ቀበጢት አይደለችም እንዴ?»

«ደብቃው ነዋ ጋሼ። ዓይኗን አላዩትም? ነገር ያለበት ዓይን ነው።»

«የላም ዓይን ሁሉ አንድ ነው እታለም።»

«ለእርስዎ። ለእኔም ሱሪ ሁሉ አንድ ነው።»

ልብስ ሰፊው ሐኪም ሊጠራ ሄደ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የጋዋኗ እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ስለሚደርስ ደጋግማ ትሰበስበዋለች፣ እሱም ደጋግሞ ይወርድባታል። ከቦርሳዋ አራት ጎድጓዳ ቦታ ያላት አንዲት የላስቲክ ሰሃን አወጣች። ከእያንዳንዱ ጡት ጥቂት ወተት በየጎድጓዳው አለበችና ሐምራዊ ፈሳሽ ጨምራ ታማስለው ጀመር። ጤነኛ ወተት እንደ ቀጠነ ይቀራል፤ የታመመው እንደ እንቁላል ነጭ ይወፍራል። የቀበጢት ወፈረ፤ የሙሽራም ወፈረ። የኩርፌ በአንዱ ጎድጓዳ ትንሽ ዝልግልግ አለ። ዝምታ የምትባለዋ ላም ብቻ አልተነካችም።

«አሁን ያቺን» አለች ሐኪሟ፣ ወደ እመይቴ እያየች።

«እሷን ተያት ልጄ» አለች አላቢዋ። «እሷ ምን ሆና። ወተቷን እይው፤ ጥጥ ነው የሚመስለው።»

«ጤነኛ መሆኗን ማወቅ ደስ ስለሚለኝ ነው እናቴ።»

ከሦስቱ ጡቶች የተገኘው ወተት እንደ ቀጠነ ቀረ። ከኋላ በግራ በኩል ካለው ጡት የመጣው ግን ከሁሉም ይልቅ ወፈረ፤ ሰሃኗ ዘንበል ስትል እንኳ ሳይፈስ በጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። አላቢዋ ሰሃኗን አየች፤ እመይቴን አየች። ሰሃኗ የተሳሳተች መሰላት።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳች። ግት ውስጥ ጠልቆ የሚደበቅ ባክቴሪያ አለ፤ አንዳንዷን ላም ሳያሳብጣት፣ ሳያሳምማት፣ ወተቷንም ለዓይን ሳያበላሽ ለረጅም ጊዜ ይኖርባታል፤ ከወተቷ ጋር እየወጣ ግን ሌሎቹን ይይዛል። ብቻውን መንገድ አይሄድም፤ የሚያሻግረው ነገር ይፈልጋል። ምን እንደሚያሻግረው ለማየት የማታውን ማለብ ቆማ ብትመለከት ፈቃዳቸው እንደሆነ ጠየቀች።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አላቢዋ እንደ ልማዷ ተቀመጠች። የታመሙትን ሦስቱን ታናናሾች ሐኪሟ ስለለየቻቸው፣ እመይቴን አልባ ወደ ቀረችው ላም፣ ወደ ዝምታ አለፈች። ዜማዋ አልተቋረጠም። ከባልዲው አረፋ ጠለፍ አደረገችና ወደ ዝምታ ጡት እጇን ዘረጋች።

«ይሄ ምንድን ነው እናቴ?» አለች ሐኪሟ ከጀርባዋ።

«ምርቃት ነው» አለች አላቢዋ።

ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ እጇ በአየር ላይ ቀረ።  አረፋው በአላቢዋ ጣቶች መካከል ቀስ በቀስ እየፈነዳ ሲሟሽሽ እሷም ሐኪሟም ያዩት ነበር። አላቢዋ ብድግ ብላ ወጣች።

ልብስ ሰፊው ያገኛት ከቧንቧው ሥር ነው። ሳሙናው አልቆ ስስ ቅርፊት ሆኗል።

«ቆዳሽን ልትገፊው ነው እንዴ?»

«በእጄ ነው ጋሼ። በየማለዳው፣ በእጄ፣ እየዘፈንኩላቸው።»

 ልብስ ሰፊው ቧንቧውን ዘጋና ከሥሩ ባለው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ በጎረምሳነቴ የአንዱን ሙሽራ ኮት እጅጌ ግራና ቀኙን አቀያይሬ ገጥሜለት ነበር። ሰውዬው ሰርጉን የጨረሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው። ሚዜዎቹ ኩራት መስሏቸው፣ እነሱም ወደ ኋላ አጣመሩ።»

አላቢዋ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ እንባ ሊዞርባት ሲል በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«ሙሽራው ምን አለዎት?»

«ለልጁ ክርስትናም እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

ወደ በረቱ ሲመለሱ ሐኪሟ ያለውን ነገር ሳትደባብቅ ነገረቻቸው። ለታናናሾቹ በጡታቸው ቀዳዳ የሚገባ መድኃኒት አለ፤ በሽታው አዲስ ስለሆነ የመዳን ተስፋቸው ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ጠርቶ እስኪወጣ ወተታቸው ይደፋል። የእመይቴ ግን ቆይቷል፣ ሥር ሰድዷል። ደንቡ እንዲህ ያለችው ላም ከመንጋው ትውጣ ይላል። ሌላ መንገድ ከተፈለገ፣ የታመመውን ጡት ጨርሶ ማለብ ትቶ ማድረቅ፣ እሷንም ከሁሉም መጨረሻ ማለብ፣ ወተቷን ለብቻ ማኖር ነው። እያንዳንዷ ላም የራሷ የጡት መጥረጊያ ጨርቅ ይኖራታል፤ እጅ ከላም ላም ሲዛወር ይታጠባል፤ ታልባ የጨረሰች ላም የጡቷ ቀዳዳ እስኪከደን እንዳትተኛ መኖ ይቀርብላታል። የእመይቴ ወተት ጠብታ ሌላዋን መንካት የለበትም፤ ወለሉንም ቢሆን።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን በጣቱ እየጠቀለለ ሰማ። ላሞቹ ለእሱም ኑሮው ናቸው፤ በስፌት ብቻ የሚኖርበት ዘመን አልፏል።

«እንግዲህ ሐኪሟ ተመልሳ እስክትመጣ እንሞክር» አለ በመጨረሻ። «ያኔ ከታናናሾቹ የአንዷ እንኳ ወተት ቢወፍር፣ እመይቴ ትሄዳለች።»

ወዴት እንደምትሄድ አልተናገረም። ግቷ የታመመ አሮጊት ላም የሚገዛ ከሥጋ ሻጭ በቀር ማንም እንደሌለ ሦስቱም ያውቁታል። አላቢዋ አንገቷን ደፍታ፣ «እሺ ጋሼ» አለች።

በማግስቱ በበረቱ ግድግዳ ላይ ምስማሮች ተመትተው በየምስማሩ አንድ አንድ ጨርቅ ተሰቅሎ አገኘች። ልብስ ሰፊው የቁርጥራጭ ዘንቢሉን ገልብጦ፣ ለእያንዳንዷ ላም መርጦና ጠርዙን ዘምዝሞ ሰፍቶ ነው። ለቀበጢት አበባ ያለበት የመጋረጃ ብጣሽ፣ ለሙሽራ ነጭ የኮት ገበር፣ ለኩርፌ ጥቁር የሱሪ ጨርቅ፣ ለዝምታ ግራጫ። በመጨረሻው ምስማር ላይ ያለው ሰማያዊ ጥጥ ነበር። አላቢዋ ጨርቁን አወቀችው፤ የልብስ ሰፊው ሟች ሚስት በሕይወት ሳለች ትለብሰው ከነበረው ቀሚስ የተረፈ ነው። ጫፉን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ስለዚህም ጨርቅ ሁለቱ አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ግን ማንም ያላሰበው ነበር። መለያያው ሲከፈት እመይቴ እንደ ወትሮዋ ቀድማ መጣች። አላቢዋ እጇን ዘርግታ ከለከለቻት። ላሟ ተገርማ ግንባሯን በአላቢዋ ደረት ላይ አሳርፋ ቆመች፤ ይህ በር ለእሷ ተዘግቶ አያውቅምና። «ዛሬ መጨረሻ ነሽ የኔ እመቤት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ አንቺ ምንም አላደረግሽም» አለቻትና ከጥጉ አሰረቻት። ከዚያ ዝምታን በግራጫው ጨርቅ አጥባ፣ ተቀምጣ ዜማዋን ጀመረች። ጥቂት እንደ ቆየ ከጥጉ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል፣ የእመይቴ አራቱም ጡቶች በራሳቸው ያንጠባጥባሉ። ላሟ ዜማውን ሰምታ ወተቷን ለቃለች። ወተቱም በወለሉ ስንጥቅ ነጭ መስመር ሠርቶ ኩርፌ ወደምትተኛበት ቦታ እየሄደ ነው።

አላቢዋ ወለሉን አጥባ፣ አድርቃ፣ በማግስቱ ያለ ዜማ ለማለብ ሞከረች። በዚህ ጊዜ ደግሞ የቀሩት እምቢ አሉ። ሙሽራ ወተቷን ወደ ላይ ያዘች፣ ኩርፌ ባልዲውን በእግሯ ሸኘችው። ወተት ተይዞ ሲቀር ግቱን እንደሚጎዳ ሐኪሟ አስጠንቅቃለች። አላቢዋ ሌላ ዜማ ብትሞክርም፣ እመይቴ የምታውቀው ዜማውን ሳይሆን የአላቢዋን ድምፅ ነበርና ያንጠባጥባት ጀመር።

ልብስ ሰፊው በመተላለፊያው አንገቱን አስግጎ፣ «ምነው፣ ሬዲዮኗ ተበላሸች?» አለ።

«አልተበላሸችም፤ ተዘጋች እንጂ። ከዘፈንኩ እመይቴ ትለቃለች፤ ካልዘፈንኩ እነዚህ አይለቁም። ምን ይሻለኛል?»

«እኔ ልዝፈንላቸው?»

«ጋሼ፣ የታመሙት ይበቃሉ።»

ልብስ ሰፊው ተቀየመ የሚያሰኝ ፊት አሳይቶ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ከመተላለፊያው የሚጎተት ነገር ድምፅ ተሰማ። የስፌት መኪናውን በበረቱ በር ላይ አቁሞ፣ በርጩማውን አስጠግቶ ተቀመጠና የትምህርት ቤት ዩኒፎርሞቹን ይሰፋ ጀመር። ጠክ ጠክ ጠክ ጠክ። ላሞቹ ደነገጡ። ኩርፌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የዚያን ዕለት ምንም አልሆነም፤ የሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ አለፈ። ልብስ ሰፊው ግን መኪናውን አልመለሰም። አላቢዋ ገና ጨርቁን ከምስማሩ ስታወርድ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ስትነሳ ያቆማል። መጀመሪያ ጆሮዋን ወደ ኋላ ያዞረችው ዝምታ ናት። ከዚያ ቀበጢት፣ ሙሽራ፣ በስተኋላም፣ ለሰው ሁሉ የምትመች እንዳትመስል ቀስ ብላ፣ ኩርፌ። ወተቱ በመርፌው ምት ይወርድ ጀመር። እመይቴ ለመኪናው ደንታ አልነበራትም፤ ጥጓ ላይ ቆማ ታመነዥካለች።

አንድ ደንበኛ፣ «ኮቴ ምነው ላም ላም አለኝ?» ሲለው ልብስ ሰፊው፣ «ለሽታው አላስከፈልኩዎትም እኮ» ብሎ መለሰ።

መኪናው ጸጥ ሲል አላቢዋ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፣ ሰማያዊውን ጨርቅ ታወርዳለች፣ ከእመይቴ ጎን ትቀመጣለች። ዜማዋን የምታወጣው ያኔ ብቻ ነው። የታመመው ጡት መጀመሪያ ተወጥሮ ነበር፤ ላሟ አልቢኝ በሚል ዓይን ዞራ ስታያት አላቢዋ እጇን ወደ ሦስቱ ትመልሳለች፤ በዚህ ጊዜ ዜማዋ ትንሽ ትሰበራለች። ውሎ አድሮ ጡቱ ለሰለሰ፣ ከዚያም ደረቀ።

ሐኪሟ ተመልሳ በመጣችበት ጠዋት አላቢዋ በረቱን ሁለት ጊዜ ጠርጋ ነበር። ልብስ ሰፊው ከበሩ ላይ ቆሟል፤ ሜትሩን ግን አንገቱ ላይ ማድረግ ረስቷል። የዝምታ ወተት ቀጠነ። የኩርፌ ቀጠነ። የቀበጢትም ቀጠነ። የሙሽራ ሦስቱ ጎድጓዳዎች እንደ ውሃ ሲዞሩ አራተኛው የዘገየ መሰለ። ሐኪሟ ማማሰሏን አቁማ ሰሃኗን ወደ ብርሃኑ አስጠጋች። አላቢዋ የሙሽራን ጀርባ ይዛ ቆማ ነበር፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ያማቻትን ላም አሁን ለልመና ታሻሻት ጀመር።

«ልድገመው» አለች ሐኪሟ። ሰሃኗን አጠበች፣ አዲስ ወተት አለበች፣ ፈሳሹን ጨመረች። ወተቱ ዞረ፤ ዞሮም ቀጥኖ ቀረ። ዘንበል ስታደርገው ሳይጎተት ፈሰሰ።

«ንጹሕ ነው።»

«እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚው ልጄ።»

ሐኪሟ ደገመችው። ከዚያም የእመይቴን ሦስት ጡቶች መረመረች፤ እነሱም ንጹሕ ነበሩ። «ደንቡ ግን አይለወጥም» አለች። «በሽታው ውስጧ ሊኖር ይችላል። እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ስትታለብ የመጨረሻ ናት።»

«ትሁን» አለች አላቢዋ። «መጨረሻ ላይ ሲሆን እኔም አልጣደፍም።»

ልብስ ሰፊው፣ «በሉ እንግዲህ፣ ትቆያለች» አለ። አላቢዋ ወደ ጥጉ ሄዳ ጣቷን ለእመይቴ ሰጠቻት። ላሟ ላሰችው፤ ከዚያ ቀና ብላ በሐኪሟ አቅጣጫ «እምቧ» አለች።

«ምን አለችኝ?» አለች ሐኪሟ።

«እጅጌሽ ረዘመ ነው የምትልሽ» አለ ልብስ ሰፊው። «ይኸውልሽ፣ እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ልነግርሽ ፈልጌ አፍሬ ነው። አውልቂው፣ አሁን አሳጥርልሻለሁ።»

መኪናው በበረቱ በር ላይ ነበርና ወዲያው ተቀመጠ። ጠክ ጠክ ሲል አራቱ ላሞች ጆሯቸውን ወደ ኋላ አዞሩ፤ አላቢዋም እየሳቀች ባልዲ ልታመጣ ሮጠች።

አላቢዋ ዛሬም እጇን እየታጠበች ከላም ወደ ላም ትሄዳለች፤ እመይቴም ዛሬም ተራዋን ትጠብቃለች። ለዚህች ሴት የሚገባት ይህ ነው፦ ማዕዘኑ ላይ ባለው ሻይ ቤት ወተት የሚጠጣ ሰው፣ ብርጭቆውን ከማንሳቱ በፊት፣ አንድ ጊዜ ያስባት።